ጀጎል ማልዶ ነው የሚነሣው

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔ ብቻ አራት ወዳጆች ልከውልኛል፤ ሁለቱ «እውነታቸውን ነው» ብለው፣ ሁለቱ «እስኪ አንተ ምን ትላለህ?» ብለው። ጉዳዩ ሐረር ነው፤ በተለይም ጀጎል የሚባለው፣ በግንብ የታጠረው የጥንቱ ከተማ። ጸሐፊው ቤተሰባቸውን ይዘው ከአዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ ያረፉበት ሆቴል ሠራተኛ «ጀጎልን በማለዳ፣ በእግራችሁ እዩት» ብሎ ይመክራቸዋል፤ ምክሩን ሰምተው ይወጣሉ፤ ቅር ብሏቸው ይመለሳሉ። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው። ሰውየው ያላዩትን አየሁ አላሉም። የምከራከራቸው ካዩት ተነሥተው በደረሱበት ድምዳሜ ላይ ነው።

ሐሳባቸውን ሳላዛባ ላስቀምጠው። አንደኛ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ሐረር ውስጥ ክፍት የሆነ ነገር የለም፤ ሙዚየሙም የፈረንሳዊው ገጣሚ የሬምቦ ቤትም ሱቁም ዝግ ነው፤ የሚታየው ግድግዳ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ጅብ በሚዞርበት ከተማ፣ እንደ ጥልፍ በተወሳሰበ መተላለፊያ ውስጥ ማልዶ መግባት አደጋ አለው፤ መንገድም ያስጠፋል። ሦስተኛ፣ ባጃጅ እያለ በእግር መኳተን ትርፉ ድካም ነው። አራተኛ፣ ሐረር የማታ ከተማ ናት፤ ጫት ቅሞ ያመሸ ሰው ጠዋት ይተኛል። አምስተኛ፣ በማለዳ ከተማ ለከተማ መዞር ከፈረንጅ የተቀዳ ልማድ ነው፤ የእኛ ሰው ለዕረፍት ሲሄድ ያርፋል። ስድስተኛ፣ ሰው ደጁን ሲጠርግና ፊቱን ሲታጠብ ካሜራ ይዞ በየበሩ ማለፍ ነውር ነው። ምክራቸውም ይህ ነው፦ እስክትጠግቡ ተኙ፣ ቁርሳችሁን ብሉ፣ በ3 ሰዓት ባጃጅ ያዙ።

እኔ ሐረር ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ። የተከራየሁት ቤት ከሸዋ በር ውጭ በአዲሱ ከተማ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ግን ጀጎል ውስጥ፣ ወደ ኤረር በር በሚወርደው በኩል። ከተማዋን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ማቋረጥ ለእኔ የዕለት መንገድ እንጂ ጉብኝት አልነበረም። ደወል የሚጠብቀው መምህር ማልዶ ከመውጣት ሌላ ምርጫ የለውም። የምጽፈው በዚያ መንገድ ላይ ያየሁትን ነው።

«ሁሉም ዝግ ነው» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። የሸሪፍ ሙዚየም፣ ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው በዚያ ውብ ሕንፃ ውስጥ ያለው፣ ማልዶ አይከፈትም። መኪና ግርግር የሚባለውን መንገድም ጸጥ ብሎ ነው የሚያገኙት። ለመንገዱ ስሙን የሰጠው የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹ ደግሞ ሥራ የሚጀምሩት ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ነው። የጌይ ጋርን፣ የሐረሪን ቤት ማለቴ ነው፣ ውስጡን በዚያ ሰዓት ማየት አይቻልም። ከፍና ዝቅ እያሉ የተሠሩት አምስቱ መደቦች፣ በቀይ አፈር የተለሰነው ወለል፣ ግድግዳውን የሞላው ስፌትና የሸክላ ሳህን፣ ይህ ሁሉ የቤቱ ባለቤት ሲፈቅድና እንግዳ መቀበያ ሰዓት ሲደርስ የሚታይ ነው። ይህን ሊያይ የመጣ ሰው እስከ ረፋድ ቢጠብቅ አይሳሳትም።

የሬምቦ ቤት ዝግ ሆኖ መገኘቱ ጸሐፊውን በጣም አሳዝኗቸዋል፤ ስለዚህ አንድ ነገር ልበል። ፈረንሳዊው ገጣሚ ከ1880 እስከ 1891 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት እየሄደ እየተመለሰ ሐረር ኖሯል። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ቤት ግን የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ ሬምቦ ኖረበት የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። ባለ ቀለም መስታወቱ ያምራል፣ ውስጡ ያሉት የድሮ ፎቶግራፎች ጊዜ ቢሰጣቸው የሚክሱ ናቸው። ሆኖም እሱ ዝግ ስለሆነ ሐረርን አላየሁም ማለት አይቻልም።

ስሕተቱ የሚጀምረው «ስለዚህ የሚታየው ግድግዳ ብቻ ነው» ከሚለው ነው። ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው አንድ ሙዚየም ወይም አንድ ቤት አይደለም። ግንቡን፣ በሮቹን፣ መተላለፊያዎቹን፣ 82 መስጊዶችንና ዝያራ የሚደረግባቸውን 102 ስፍራዎች ከነሕይወታቸው የያዘችውን ሙሉ ከተማ ነው። የዚህች ከተማ ዋና ዕቃ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አልተቀመጠም፤ በር ነው። በር ደግሞ የሚታየው ሰው ሲያልፍበት ነው።

አምስቱ የጥንት በሮች እያንዳንዳቸው ቢያንስ ሁለት ስም አላቸው። ሸዋ በር በጌይ ሲናን፣ በሐረሪዎች ቋንቋ፣ አስመዲን በሪ ነው፤ ቡዳ በር በድሮ በሪ፣ ሰንጋ በር ሱቁጣጥ በሪ፣ ኤረር በር አርጎብ በሪ፣ ፈላና በር አሱም በሪ። ስድስተኛው፣ ሐረር በር ወይም ዱክ በር የሚባለው፣ ለመኪና ተብሎ ኋላ የተከፈተ ነው፤ አብዛኛው እንግዳ የሚያውቀውም እሱን ብቻ ነው። በ1855 እ.ኤ.አ. ሐረር ገብቶ አሥር ቀን የቆየው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እንደመዘገበው፣ በሮቹ ማታ ይቆለፋሉ፣ ቁልፉ ወደ አሚሩ ይወሰዳል፣ ከዚያ በኋላ እስኪነጋ የሚወጣ የለም። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ማለዳ ለዚህች ከተማ እንደ ማንኛውም ሰዓት አልነበረም። ከውጭ ያደረው ገበሬና ከውስጥ ያደረው ነጋዴ የሚገናኙበት፣ ከተማዋ በየቀኑ እንደገና የምትከፈትበት ሰዓት ነበር። መዝጊያው ዛሬ አይቆለፍም፤ የሰዉ ልማድ ግን አልተለወጠም።

በ12 ሰዓት ተኩል ኤረር በር ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ይህን ነው። ከዙሪያው የገጠር ቀበሌ ሴቶች ይመጣሉ፤ አንዷ ወተት በጄሪካን፣ አንዷ ጎመንና ሽንኩርት በቅርጫት፣ ሌላዋ ከቁመቷ የሚረዝም እንጨት በጀርባዋ። አህያ ይቀድማል፣ ልጅ ይከተላል። ፀሐይ ከኤረር ሸለቆ በኩል ስትወጣ በቀጥታ በሩ ውስጥ ትገባለች፤ የሚገባው ሰው ሁሉ ጥላው ከፊቱ ይቀድመዋል። በሩ ሥር በኦሮምኛ ይጠያየቃሉ፣ ጥቂት ሽቅብ ሲሉ በሐረሪኛ ይከራከራሉ፣ ግድር መጋላ፣ ትልቁ ገበያ፣ ሲደርሱ አማርኛና ሶማሊኛ ይጨመራል። ግድር መጋላ ላይ ሥጋ ሻጮቹ ሲዘጋጁ ጭላቶቹ ቀድመዋቸው ጣሪያ ላይ ተደርድረዋል፤ ሥጋ በእጁ ይዞ የሚሄድ ሰው ወደ ላይ እያየ ነው የሚራመደው። ፈረስ መጋላ በሚባለው አደባባይ ላይ ደግሞ ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ኪዳን አድርሰው ነጠላቸውን እንዳጣፉ የሚወጡትና ከሱብሒ ሶላት የሚመለሱት በአንድ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ፤ ብዙዎቹ ይተዋወቃሉና ቆመው ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ከእነዚህ አንዱም በ3 ሰዓት አይገኝም። ሙዚየሙ ግን በ3 ሰዓትም፣ በ5 ሰዓትም፣ ነገም ይገኛል።

ጸሐፊው አየሁት ያሉት ግድግዳም ቢሆን ሰዓት አለው። የጀጎል ቤቶች ወደ መንገድ መስኮት አያበዙም፤ ውበታቸው በውስጥ ነው። ውጫቸው ግን በኖራ፣ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴ፣ በሐምራዊ ቀለም ይቀባል፤ በዓል ሲቃረብ ይታደሳል። ቀትር ላይ ነጩ ዓይን ይወጋል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል። ማለዳ አግድም የሚመጣው ብርሃን ግን የመራጊያውን የእጅ ዱካ ሳይቀር ያወጣዋል። ስድስት ዓመት በዚያው መተላለፊያ አልፌ አንድ ቀን ድንገት ቆሜ፣ ግድግዳው ላይ የአምስት ጣት ዱካ አየሁ፤ የለሰነችው ሴት መዳፍ ነው። ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ብፈልገው አጣሁት።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ጅብን በተመለከተ ጸሐፊው በከፊል ልክ ናቸው፤ ይህን የምለው ለወግ አይደለም። ጅቦች ማታ ማታ ጀጎል ይገባሉ። በግንቡ ላይ ወራባ ኑዱል የሚባሉ ቀዳዳዎች አሉ፤ ወራባ በሐረሪኛ ጅብ ነው። ሐረሮች ጅብ አጥንቱንና ቆሻሻውን ብቻ ሳይሆን ክፉ መንፈስንም ያጸዳል ይላሉ፤ በዓሹራ ቀን ገንፎ በቅቤ ያቀርቡለታል። ጅብ ግን ጅብ ነው። በጨለማ ብቻዎን አይሂዱ። እንግዳ ሲነጋጋ ሳይሆን ነግቶ ሰው ሲወጣ ይውጣ እላለሁ። ልዩነቱ የግማሽ ሰዓት ነው። ጅብ የሌሊት እንስሳ ነውና ጎህ ሲቀድ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል፤ ለሱብሒ የሚወጡ ሽማግሌዎችና ደብተራቸውን የያዙ ሕፃናት መንገዱ ላይ ካሉ እንግዳውም ሊኖር ይችላል። በስድስት ዓመት ውስጥ መንገዴ ላይ ጅብ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ገና ሳይነጋ ስለወጣሁ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ እሱ ነው መንገድ የለቀቀው።

ጸሐፊው ያላነሡት ሌላ ሥጋት ግን አለ፤ እኔው ላንሣው። አንዲት ሴት ባልደረባዬ በእነዚያው መንገዶች ብቻዋን ስትሄድ የሚሰማት ከእኔ የተለየ እንደነበር ነግራኛለች። ባዶ መተላለፊያ ለወንድ ጸጥታ ሲሆን ለሴት ጥያቄ ሊሆን ይችላል። እሷ ያገኘችው መፍትሔ የገበያ ሴቶቹ የሚሄዱበትን ሰፊ መንገድ ይዞ መሄድ ነው፤ ከእነሱ ጋር ስትራመድ ብቻዋን አልነበረችም። ክረምት ላይም፣ በበልግም ዝናብ ሲዘንብ ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ ጫማ መምረጥ ያስፈልጋል።

መንገድ ማጣቱስ? ይህ በቁጥር የሚመለስ ነው። ጀጎል ውስጡ 48 ሄክታር ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን የተገነባው ግንብ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአንዱ በር ተነሥቶ ማዶ ባለው በር ለመውጣት፣ ቆም ቆም እያሉ እንኳ፣ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ጠፋሁ ያለ ሰው የፈለገውን አቅጣጫ ይዞ ቢሄድ መጨረሻው ግንቡ ነው፤ ግንቡን ይዞ ቢሄድ በር ያገኛል። ዋና ዋና መንገዶቹም ከበሮቹ ወደ መሃል ነው የሚሰበሰቡት። ይህች ከተማ ጠላት እንዳይገባባት ተብላ ታጥራለች፤ ያው አጥር ዛሬ እንግዳ እንዳይጠፋ ይጠብቃል። ጸሐፊው «አርባ ደቂቃ ጠፍተን ቆየን» ይላሉ። አምናቸዋለሁ። ግን በዚያው አንቀጽ ላይ አንድ ልጅ በእጁ እያመለከተ እንዳወጣቸው፣ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ስለ ልጆቻቸው እንዳወሩ፣ የፈጢራ ሽታ ተከትለው ቁርስ ቤት እንዳገኙ ጽፈዋል። ከጽሑፉ ሁሉ ሕይወት ያለው ክፍል ይህ ነው። ለምን ከኪሳራው ጎን እንደጻፉት አልገባኝም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው አስጎብኚ ቢይዝ ጥሩ ነው የሚለውን እቀበላለሁ። የመስጊድና የመቃብር ስፍራ ወግ አለው፤ የት ጫማ እንደሚወለቅ፣ የት እንደማይገባ የሚነግር ሰው ያስፈልጋል። አስጎብኚም ግን እግር አለው፤ ማልዶ ይሄዳል።

ስለ ባጃጅ ብዙ አልልም። ጀጎል ውስጥ ባጃጅ የሚገባበት መንገድ ጥቂት ነው፤ የቀረው በሰው ትከሻና በተጫነ አህያ ልክ የተሠራ ነው። አስጎብኚዎች የእርቅ መንገድ የሚሉት ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ የተኳረፉ ሁለት ሰዎች እዚያ ቢገናኙ አንዱ ለሌላው ሳይዞር ማለፍ ስለማይችል ይነጋገራሉ ይባላል። ባጃጅ ለዚህ ምን ይረዳል? ሐረር ባለ ሰማያዊና ነጭ ቀለም በፔጆ 404 ታክሲዎቿ ትታወቅ ነበር፤ እነሱም ቢሆኑ ፈረስ መጋላ ደርሰው ነበር የሚያወርዱት። ጉልበቱ የማይፈቅድለት፣ ሽማግሌ ወይም ሕመምተኛ ያለበት ቤተሰብ በባጃጅ ቢሄድ ማንም አይወቅሰውም። ለሚችል ሰው ግን ባጃጅ መያዝ ጀጎልን ትቶ በዋናው ጎዳና መመላለስ ነው።

አራተኛው ነጥብ ላይ ጠንከር ብዬ እቃወማለሁ፤ እዚህ ላይ ከተማዋ ብቻ ሳትሆን ሰዉም ተበድሏል። «ጫት ቅሞ ያመሸ ሰው ጠዋት ይተኛል» የሚለው አባባል እንደ ጨዋታ ይመስላል፤ ብዙ ሰውም ሳቀበት። እውነታው ግን ሌላ ነው። ሰዎች ለበርጫ፣ ለጫት ቅሚያ ማለቴ ነው፣ የሚቀመጡት በአብዛኛው ከምሳ በኋላ ነው። ከተማዋ የምትደበዝዝበት፣ ሱቁ ገርበብ የሚልበት፣ መንገዱ ጭር የሚልበት ሰዓት ካለ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለው ነው። ጸሐፊው በ3 ሰዓት ጀምረው፣ ሙዚየሞቹን አይተው፣ ምሳ በልተው ከተማውን ለመዞር ሲወጡ የሚያገኙት ይህንኑ ነው። ማለዳ የሚተኛ ቢሆን ኖሮ 82 መስጊድ ለማን ነበር አዛን የሚለው? የዙሪያው ገበሬ ወተቱን ለማን ነበር የሚያመጣው? ተማሪዎቼ፣ ግማሾቹ ከቁርአን ትምህርት መጥተው ነበር ክፍል የሚገቡት፤ አርፍዶ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ የመጣነው መምህራን ነበርን።

ሐረር የማታ ከተማ ናት የሚለው የመጣው ከጅብ ትርዒቱ ይመስለኛል። ትርዒቱ እውነትም የሚደነቅ ነው፤ ልጆችዎን ይዘው ካልሄዱ ይቆጫቸዋል። ግን ልብ ይበሉ፤ ጅብ የሚመገብበት ስፍራ ከግንቡ ውጭ ነው። ለማታው ብቻ የመጣ ሰው ሐረርን ያየው ከውጭ ሆኖ ነው፤ ጀርባውን ለጀጎል ሰጥቶ።

ፈረንጅ አመጣሽ ነው ለሚሉት ደግሞ፣ እኔ ከማን ጋር እየተነጋገርን እንደሆነ ጠፋብኝ። በዚህ አገር ማልዶ መውጣትን ማን ማንን ያስተምራል? ለኪዳን በሌሊት የምትወጣ እናት፣ ለሱብሒ ዶሮ ሳይጮህ የሚነሣ አባት፣ ገበያ ለመድረስ ሦስት ሰዓት የምትጓዝ ገበሬ ናት ያሳደገችን። ለገና ላሊበላ በእግሩ የሚዘልቀው ምእመን በየደረሰበት ማልዶ ነው የሚነሣው። አዲስ ነገር ካለ ማርፈዱ ነው። ጸሐፊው «ዕረፍት ማረፍ ነው» ማለታቸው ግን ይገባኛል፤ ዓመቱን ሙሉ በትራፊክ መጨናነቅ የደከመ ሰው አንድ ጠዋት ቢተኛ መብቱ ነው። ሐረር ለሦስት ቀን የሄደ ሰው ሁለቱን ቀን ተኝቶ አንዱን ቢወጣ ይበቃል። እኔ የምቃወመው ዕረፍታቸውን አይደለም፤ ሌላው እንዳይወጣ መምከራቸውን ነው።

የመጨረሻው ነጥባቸው ከሁሉም ይከብዳል። ጽሑፋቸውን ሳነብ ቆም ብዬ ያሰብኩትም እዚህ ላይ ነው። ሰው በማለዳ ገና ለእንግዳ አልተዘጋጀም። ሴቶች ሻሻቸውን እያሰሩ ደጅ ይጠርጋሉ፤ ውኃ ይደፋል፤ ልጅ ይታጠባል። የሐረሪ ቤት ወደ ውጭ ዝም ያለው በምክንያት ነው፤ ውስጡ የቤተሰብ ነው። በዚያ በተከፈተ በር ካሜራ ማስገባት ነውር ነው የሚሉት ጸሐፊው እውነት አላቸው። እኔም አፍሬ አውቃለሁ። ከመጣሁ በሁለተኛው ወር ገደማ አንዲት እናት ደጃቸው ላይ ውኃ ሲረጩ፣ ከበስተኋላቸው ግቢው ውስጥ ያለው ሰማያዊ ግድግዳ አማረኝና ቆሜ ወደ ውስጥ ማየት ጀመርኩ። ቀና ብለው «ማንን ፈልገህ ነው?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ጥያቄ ነበር። መልስ አልነበረኝም። ማንንም አልፈለግሁም፤ ግድግዳቸውን ነበር የፈለግሁት። «ይቅርታ እናቴ» ብዬ አለፍኩ። በማግስቱ በዚያው ሳልፍ ገና ከሩቅ «አሰላሙ አለይኩም» አልኩ። መለሱልኝ። ከሳምንት በኋላ «መምህሩ፣ ዛሬ አርፍደሃል» አሉኝ፤ እውነትም አርፍጄ ነበር። ከወራት በኋላ አንድ ቅዳሜ ሆጃ አጠጡኝ፤ የቡና ገለባ ከወተት ጋር የሚፈላው ነው። ያንን ሰማያዊ ግድግዳ ያን ጊዜ በግቢው ውስጥ ተቀምጬ አየሁት።

ስለዚህ ነውሩ አለ፤ ግን ነውሩ በሰዓቱ ውስጥ ነው ወይስ በአኳኋኑ? በ4 ሰዓት ሃያ ሰው የያዘ ቡድን በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ሲቆም፣ አስጎብኚው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር፣ ሕፃናቱ ብር ብር እያሉ ሲከተሉ፣ ነዋሪው ውኃ ቀድቶ ለመግባት ሲጠብቅ፣ ያ ነውር የለበትም? የቤቱ ሰው በዚያም ሰዓት የቤቱ ሰው ነው። ጸሐፊው የሚመክሩት አካሄድ ነዋሪውን ከዓይን አያድነውም፤ ዓይኑን ያበዛበታል። አንድ ሰው፣ ወይም ሁለት፣ ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ፣ ለሚያገኘው ሁሉ ሰላምታ እየሰጠ፣ በተከፈተ በር በኩል ዓይኑን ወደ መንገዱ መልሶ ቢያልፍ ቀላል ነው። ሙስሊሙን በሙስሊም ወግ፣ ኦሮሞዋን የወተት ሻጭ «አካም ቡልተን?» ብሎ፣ አማርኛ ተናጋሪውን «እንደምን አደሩ?» ብሎ። ሦስቱም እንዴት አደርክ ወይም ሰላም ለአንተ ማለት ናቸው፤ ሦስቱንም ለመማር አንድ ማታ ይበቃል። ፎቶግራፍ ያማረው ሰው አስፈቅዶ ያንሣ፤ እምቢ ቢባል አመስግኖ ይለፍ። በዚህ ነጥብ ጸሐፊው ያስነሡት ነውር ለሚወጣ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ቢጻፍ ኖሮ እኔም ለወዳጆቼ እልከው ነበር።

ጽሑፋቸው መጨረሻ ላይ ተመልሼ አልሄድም ይላሉ። ቢመለሱ ደስ ይለኛል፤ መንገዱንም ልንገራቸው። የሐረር በርን ለሌላ ጊዜ ይተዉት። በ12 ሰዓት ተኩል ኤረር በር ውጭ ይውረዱና ከገበያ ሴቶቹ ኋላ ይግቡ። ወደ ግድር መጋላ ይውጡ፤ ጥድፊያ የለም፣ ሸክም የያዘውን ያሳልፉ። ከግድር መጋላ ወደ አሚር ኑር መቃብር ያቅኑ፤ ግንቡን ያሠራው ሰው ያረፈበት ነው፤ ከውጭ ሆነው ይዩት። ከዚያ አሚር ኡጋ በሚባለው መንገድ ወደ ፈረስ መጋላ። እዚያ ሲደርሱ ፉልና ፈጢራ ይኖራል፤ በረንዳ ላይ ይቀመጡ። 3 ሰዓት ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ባጃጆች ከሆቴሎቹ እንግዶች ይዘው በሐረር በር ይገባሉ። በዚያው ሰዓት፣ በሌላው በር፣ ወተቷን የጨረሰችው ሴት ባዶ ጄሪካኗን ይዛ እየወጣች ነው።